ወኪልሽ ነኝ አልኳት

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ዓመታት፣ የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ሆኜ ለተግባር ልምምድ ወደ መተማ በተላክሁበት ክረምት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ መዝገብ ይዤአለሁ፤ የረታሁትም የተረታሁትም አለ። አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ይህንን ግን ልርሳው ብልም አይረሳኝም፤ በአንዲት ቃል ሰው አስሬ የማውቀው ያኔ ብቻ ነውና። ቃሏ ስድብ አይደለችም፤ ውሸትም አይደለችም። አራት ዓመት ሙሉ ፈተና ላይ ስጽፋት የኖርኩ የተከበረች የሕግ ቃል ነች።

ጎንደር ሳለን መምህርት ሶስና የሚባሉ አስተማሪ ነበሩን። ለሕጻናትና ለቤተሰብ የሚቆሙ ጠበቆች እንድንሆን የሚያሠለጥኑን እሳቸው ናቸው። "ሕጉን ከመጽሐፍ ታገኙታላችሁ፤ ልጅን ማናገር ግን እኔ ካላስተማርኳችሁ ማንም አያስተምራችሁም" ይሉ ነበር። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ድራማ ያሠሩናል። አንዱ ጠበቃ፣ አንዱ ዳኛ፣ አንዱ ደግሞ ሕጻን ይሆናል።

የኔ "ሕጻን" ጢሙን ያጎፈረ የክፍል ጓደኛዬ ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ ነህ ተብሎ፣ ከእናትህና ከአባትህ ከማን ጋር መኖር ትፈልጋለህ ብዬ ስጠይቀው፣ "በቤተሰብ ሕጉ መሠረት የኔ ጥቅምና ደኅንነት ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል" ብሎ መለሰልኝ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህርት ሶስና ግን አልሳቁም። ሰሌዳው ላይ አንዲት ቃል ጻፉ፤ "እሺ" የምትል።

"እውነተኛ ልጅ የሚመልስላችሁ እንዲህ ብሎ ነው" አሉ። "እሺ የሚል መልስ ስትሰሙ ብዕራችሁን አስቀምጡ። ልጁ ገና አልመለሰም።"

ደብተሬ ላይ ጽፌ በቀይ አሰመርኩበት። ማስመር ላይ ጎበዝ ነበርኩ።

ሐምሌ መግቢያ ላይ የመተማ ወረዳ ከተማ የሆነችው ሸሕዲ ደረስኩ። የልምምድ ቦታዬ ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ያለች፣ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥባት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና የማይዞር የጣሪያ ማራገቢያ አላት። ዝናብ ሲዘንብ ቆርቆሮው ስለሚጮህ ሰው ከሰው አይሰማማም፤ ሲያባራ ደግሞ ወበቁ ያፍናል። የደጋ ልጅ ነኝና የመጀመሪያዎቹን ቀናት አፌን ከፍቼ እየተነፈስኩ ነው ያሳለፍኳቸው። መምህርት ሶስና በየሁለት ሳምንቱ እየመጡ ሥራዬን ሊያዩ፣ እኔም እሳቸው ያላዩትን ወረቀት ፍርድ ቤት ላላስገባ ተስማምተን ነበር።

የመጀመሪያው መዝገቤ የትርንጎ ሆነ።

ትርንጎ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነች። እናቷ ከጎጃም መጥታ፣ ሽንፋ አካባቢ ባለ አንድ የሰሊጥ እርሻ ካምፕ ውስጥ ለቀን ሠራተኞች ምግብ ታበስል ነበር። እናትየው በወባ ስትሞት ልጅቷ እዚያው ቀረች። የእርሻውን ሥራ የሚመራው አቶ ፈንታሁን የሚባል ሰው ሽንፋ ከተማ ወዳለው ቤቱ ወሰዳት። በዓመቱ የእናቷ ታላቅ እህት እትዬ ማንጠግቦሽ ወሬው ደርሷቸው ከጎጃም ወረዱ። ልጄን ስጠኝ አሉ። አቶ ፈንታሁንም "እናቷ አደራ ብላኛለች፣ እንደ ልጄ ነች" ብሎ እምቢ አለ። ሁለቱም አሳዳሪ ልሁን እያሉ ፍርድ ቤት ቀረቡ።

ዳኛው ለልጅቷ ብቻ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል አሉና ጉዳዩ ወደኛ ክፍል ተመራ። እኔ የአክስትየውም የሰውየውም አልነበርኩም፤ የትርንጎ ነበርኩ። ኩራቴን አትጠይቁኝ።

ልጅቷ ለጊዜው ያረፈችው አንዲት የሴቶችና ሕጻናት ጉዳይ ባለሙያ ቤት ነበር። ባለሙያዋ አምጥታልኝ ውጭ ቀረች። ትርንጎ ቀጭን፣ ፀጉሯን የተላጨች፣ በዚያ ሙቀት የትልቅ ሰው ሹራብ የለበሰች ልጅ ነች። ገብታ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እግሯን እያወዛወዘች ጣሪያውን ሽቅብ አየችና፣

"አይዞርም?" አለችኝ።

"አይዞርም" አልኳት።

ፈገግ አለች። ጥሩ ጅምር ነበር። ስለ ማራገቢያው ብቻ እያወራን ብንውል ኖሮ የተሻለ ጠበቃ እሆን ነበር።

እኔ ግን የተማርኩትን ቅደም ተከተል መያዝ ነበረብኝ። መጀመሪያ ራስህን አስተዋውቅ፤ ከዚያ ለምን እንደመጣህ ባጭሩ ንገራት። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"ትርንጎ፣ እኔ ወኪልሽ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ስላንቺ ጉዳይ የምናገረው እኔ ነኝ። አትፍሪ።"

ከወንበሩ ተነሣች። እጆቿን ወደ ኋላዋ አድርጋ ግድግዳው አጠገብ ቆመች።

"ተቀመጪ እንጂ" አልኳት።

"እሺ" አለችና እንደ ቆመች ቀረች።

ዓይን አፋር ነች ብዬ አለፍኩት። ጥያቄዬን ቀጠልኩ። ሽንፋ የምትኖሪበት ቤት ደህና ነሽ? እሺ። ምግብ ትበያለሽ? እበላለሁ። ይመቱሻል? ቆይታ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። አክስትሽ ጋ መሄድስ ትፈልጊያለሽ? እሺ። ወይስ እዚያው ሽንፋ ብትቆዪ ይሻልሻል? እሺ። ከሁለቱ የቱ ነው ታዲያ፣ የፊተኛው ነው የኋለኛው?

"የኋለኛው" አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች።

ዛሬ ሳስበው መጨረሻ ላይ ከአፌ የወጣውን ቃል መድገሟ ብቻ ነበር። ያኔ ግን ያን ሁሉ "እሺ" አልሰማሁም፤ አንዷን "የኋለኛው" ብቻ ሰማሁ። ብዕሬንም አላስቀመጥኩም። "ልጅቷ በአቶ ፈንታሁን ቤት ተመችቷት እንደምትኖርና በዚያው መቀጠል እንደምትፈልግ አረጋግጣለች" ብዬ ጻፍኩ። "አረጋግጣለች" የምትለዋ ቃል በተለይ ደስ አለችኝ። አውራ ጣቷን ይዤ ቀለም አስነክቼ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት። ቀለሙን በሹራቧ ጠረገችና "ልሂድ?" አለችኝ።

መምህርት ሶስና በዚያ ሳምንት ሊመጡ ነበር፤ ጎርፉ መንገድ ላይ አስቀራቸው። መጠበቅ ነበረብኝ። ግን ፍርድ ቤቱ ለክረምት ሊዘጋ የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው፤ ከዚያ ካለፈ መዝገቡ ለጥቅምት ይቀጠራል። ደግሞ የመጀመሪያ ሥራዬን ሰው ሳይነካልኝ ራሴ ማስገባት አማረኝ። እውነቱን ለመናገር ይኼኛው ይበልጣል። አስገባሁት።

ዳኛው አነበቡት። ልጅቷ ራሷ እዚያ ይሻለኛል ካለች፣ ውሳኔው እስኪሰጥ በመረጠችው ቤት ትቆይ ብለው አዘዙ። ለውሳኔም ቀጠሮ ሰጡ። ከሰዓት በኋላ አቶ ፈንታሁን በፒካፕ መጥቶ ወሰዳት። እጄን በሁለት እጁ ጨበጠና፣ "ጎበዝ ነህ ወንድሜ፤ እውነቱን ጻፍክ" አለኝ። ትርንጎ ከኋላ፣ ከጆንያዎቹ መሀል ተቀምጣለች። እጄን አውለበለብኩላት። አላውለበለበችልኝም።

እትዬ ማንጠግቦሽ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ቆመው ያያሉ።

"ልጄን ወዴት ነው የሚወስዳት?" አሉኝ።

"ራሷ መርጣ ነው እናቴ።"

"ትርንጎ?" አሉ።  ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መሬት ተቀመጡ።

ሸሕዲ ውስጥ መንገድ ዳር የቀን ሠራተኛ የሚቀጠርበት ቦታ አለ። ለአረም ከደጋ የወረዱ ሰዎች በየጠዋቱ ጓዛቸውን ከፊታቸው አድርገው ይደረደራሉ። ልጅቷ በሄደች በሦስተኛው ቀን እዚያ አጠገብ ካለች ዳስ ገብቼ ከርከዴ እጠጣ ነበር። አጠገቤ እንድሪስ የሚባል የወሎ ሰው ተቀምጧል። ዓመት ዓመት ለአረም የሚወርድ ጨዋታ አዋቂ ነው። ስለ አገሩ እያወራኝ ሳለ አንድ ፒካፕ ከሩቅ ታየና አንዱ "ወኪል መጣ!" ብሎ ጮኸ።

መንገድ ዳር የተቀመጠው ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ብድግ አለ። እንድሪስም ወሬውን አቋርጦ ተነሣ። እጆቹን ወደ ኋላው አድርጎ፣ መሬት መሬቱን እያየ ቆመ። ያንን አቋቋም የት እንዳየሁት ወዲያው ገባኝ። 

ፒካፑ ሳይቆም አለፈ። እንድሪስ ሲቀመጥ "የማን ወኪል ነው?" አልኩት።

"የእርሻው ነዋ! ባለ እርሻውን እኛ መች አይተነው እናውቃለን? የሚቀጥርህ ወኪል፣ የሚያበላህ ወኪል፣ አመመኝ ስትል የሚያባርርህ ወኪል። ወላሂ፣ እዚህ አገር ከወኪል በላይ ያለው አላህ ብቻ ነው።"

"ለምንድን ነው የምትነሡት?"

"ወኪል ፊት ይቀመጣል እንዴ? ከተቀመጥክ ሰነፍ ነህ፣ አይወስድህም። ሲጠይቅህም እሺ ነው እንጂ ሌላ መልስ የለም። ዛሬ ትጨርሰዋለህ? እሺ። ነገም አለህ? እሺ።" ሳቀብኝ። "አንተ የተማርክ ሰው ወኪል አታውቅም?"

አላውቅም ነበር። ለኔ ወኪል ማለት ስለ ሌላው ሰው የሚቆም ሰው ነው። ለትርንጎ ግን ወኪል ማለት እናቷን ሲያዛት የኖረ፣ እናቷ ስትሞት ደግሞ እሷን የወሰደ ሰው ነው። አቶ ፈንታሁን መዝገቡ ላይ "የእርሻ ሥራ ኃላፊ" ተብሎ ተጽፏል። ካምፑ ውስጥ ማን ብለው እንደሚጠሩት አንድም ሰው አልጠየቅሁም። ተቀምጣ ማራገቢያ ታይ የነበረችውን ልጅ "ወኪልሽ ነኝ" ብዬ አስነሣኋት። ለሷ ሁለተኛ ወኪል መጣልሽ ማለት ነበር።

ወደ ፍርድ ቤቱ ሮጥኩ። ዳኛው ለሥራ ጎንደር ወጥተዋል፤ እስከ ቀጠሮው ዋዜማ አይመለሱም ተባልኩ። ወደ ባለሙያዋ ሄድኩ፤ አብረን ሽንፋ እንሂድ አልኳት። መናኸሪያው ሄደን ጠየቅን። ወደ ሽንፋ የሚያሻግረው ወንዝ ሞልቷል፣ መንገዱም ተቆርጧል። አንድ ሾፌር የጭቃ ቦት ጫማውን እያሳየ፣ "ዋልካው ትራክተር ውጦ ተኝቷል፤ አንተን ምን ይሠራሃል?" ብሎ ቀለደብኝ። ሽንፋ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ስልክ ተሞከረ፤ መስመሩ አይሠራም። ትርንጎ ከወንዙ ወዲያ፣ እኔ ከወንዙ ወዲህ ቀረን።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንዴት እንደሄዱ አላውቅም። ቆርቆሮ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ ዝናቡን እሰማለሁ። ዝናቡ በጨመረ ቁጥር ወንዙ እንደሚሞላ አውቃለሁ። ወንዙ ሞልቶ የቀጠሮው ቀን ካለፈ ፍርድ ቤቱ ይዘጋል፤ ትርንጎም እስከ ጥቅምት እዚያው ነች። ይህንን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ለማንም ልናገረው አልቻልኩም። ሳላሳያቸው ማስገባቴን መምህርት ሶስና ከሰሙ ልምምዱን ይጥሉኛል፤ ልምምዱን የወደቀ ደግሞ አይመረቅም። ዝም ካልኩ ልጅቷ ትቀራለች። ብናገር እኔ እቀራለሁ። አፍሬ የምናገረው ነገር ቢሆንም፣ አንድ ሙሉ ቀን ሁለቱን ሳመዛዝን ውዬአለሁ።

እትዬ ማንጠግቦሽ ከኒሙ ዛፍ ሥር አልተነሡም። በየቀኑ ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ። ከአገራቸው በያዙት ስልቻ በሶ አለ። በቆርቆሮ ጣሳ በጥብጠው "እንካ ልጄ፣ ከስተሃል፤ ይኸ አገር አልተስማማህም" ይሉኛል። እኔም ተቀብዬ እጠጣለሁ።  የሳቸው ጠላት አለመሆኔን ማን ነገራቸው? ልጃቸውን በፊርማዬ ያስወሰድኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?

ልጅቷ በሄደች በስድስተኛው ቀን ሦስተኛውን ጣሳ ከእጃቸው መቀበል አቃተኝ። ተነሥቼ ከተማው ዳር ኔትወርክ ወደምትገኝበት ጉብታ ወጣሁና መምህርት ሶስና ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። 

"ስንት ጊዜ እሺ አለችህ?" አሉ።

"አልቆጠርኩም።"

"ብዕርህን አስቀመጥህ?"

"አላስቀመጥሁም።"

"በል እንግዲህ፣ ወረቀቱን የጻፍከው አንተ ነህ፤ የምታነሣውም አንተ ነህ። የልምምድህን ነገር በኋላ እንነጋገራለን። መጀመሪያ ልጅቷ።"

 ከጉብታው ስወርድ ከቀናት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍንጫዬ ተነፈስኩ።

ዝናቡ በስምንተኛው ቀን አባራ። በዘጠነኛው ቀን፣ በቀጠሮው ጠዋት፣ አቶ ፈንታሁን ልጅቷን በትራክተር ተሳቢ ላይ ጭኖ ደረሰ። ሁለቱም እስከ ወገባቸው ጭቃ ናቸው። የትርንጎ ግራ እጅ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

"ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት።

"ድስት ደፋሁ" አለች። ቆማ ነው፤ ዓይኗ መሬት ላይ ነው።

ችሎቱ ሲከፈት ዳኛው መዝገቡን ገለጥ አድርገው፣ የልጅቷ ፍላጎት በጽሑፍ የቀረበ ስለሆነ ሌላ የምትጨምሩት ከሌለ ውሳኔ እንሰጣለን አሉ። ተነሣሁ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ አንዱም ትዝ አላለኝም።

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ ያስገባሁት ጽሑፍ እንዲነሣልኝ እጠይቃለሁ።"

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ የሚሠሩ ሰው ናቸው። "ሐሰት ነው እያልክ ነው?"

"ሐሰት አይደለም። ግን ቃሉ የኔ ነው እንጂ የሷ አይደለም።"

አቶ ፈንታሁን ብድግ አለ። "ክቡር ዳኛ፣ ይህ ልጅ እውነቱን ጻፍኩ ብሎ እጄን ጨብጦኛል። ሴትየዋ ሥር ሲውል ሲያድር ነው የሰነበተው። ከማን ጋር በሶ ሲጠጣ እንደከረመ ግቢው ሁሉ ሲነግረኝ ነው የገባሁት!"

ተሰብሳቢው ሳቀ።  በሶ መጠጣቴ እውነት ነው። ምን ልበል? የመጣልኝን ተናገርኩ። ልጅቷን ባናገርኩበት ቀን "ወኪልሽ ነኝ" እንዳልኳት፣ ወዲያው እንደተነሣች፣ ከዚያ በኋላ ለጠየቅኋት ሁሉ እሺ እንዳለችኝ፣ እኔም እሺታዋን ምርጫ አድርጌ እንደጻፍኩት፣ ወረቀቱንም ለመምህሬ ሳላሳይ እንዳስገባሁት ተናገርኩ። ስጨርስ ሳቁ ቀርቷል። ዳኛው የዚያው የቆላው ሰው ናቸው። መሐረባቸውን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"አቶ ፈንታሁን፣ እርሻው ላይ ሰው ምን ብሎ ነው የሚጠራዎት?" አሉት።

 "ወኪል" አለ።

ዳኛው ልጅቷን ቢሯቸው አስገቧት። የገባነው እሳቸው፣ ጸሐፊያቸው፣ ባለሙያዋና እኔ ብቻ ነን። "አንተ ያበላሸኸውን አንተው ጠይቃት" አሉኝ። ትርንጎ በሩ አጠገብ ቆማለች።

"ትርንጎ፣ ወኪል ሲጠይቅሽ ምን ይባላል?"

"እሺ ይባላል።"

"እኔስ ማነኝ?"

"ወኪል ነኝ ብለኸኛል።"

"ስህተት ነው የነገርኩሽ። እኔ ወኪል አይደለሁም። ተማሪ ነኝ።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ።

"ተማሪ? ስንተኛ ክፍል?"

አሰብኩና "አሥራ ስድስተኛ" አልኳት።

"ኧረ! እስከ አሥራ ስድስት አለ እንዴ?"

ዳኛው አፋቸውን በመሐረብ ያዙ። ትርንጎ ግን የምሯን ነው።

"እኔ ሁለተኛን ጀምሬ ነበር" አለች። "እናቴ ስትሞት ተውኩት። ልቀመጥ?"

 ባለሙያዋ ወንበር ሳበችላት። ትርንጎ ጫፉ ላይ ተቀመጠች፣ እግሯም መወዛወዝ ጀመረ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ተናገረች። የሚነሡት ዶሮ ሳይጮህ እንደሆነ፣ ለሠራተኞቹ የሚሠራው ወጥ ድስቱ ከሷ እንደሚበልጥ፣ እቴ የምትላቸው አክስቷ ገና ልጅ ሳለች በጀርባቸው አዝለዋት እንደነበር፣ ፊታቸውን ግን እየረሳችው መሆኑን፣ ያን ቀን ከዛፉ ሥር ሲያለቅሱ አይታ እሳቸው ይሆኑ ብላ እንዳሰበች ነገረችን። ብዕሬ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጸሐፊው ይጽፋል።

"እንግዲህ አክስትሽ ጋ ትሄጃለሽ" አሏት ዳኛው በመጨረሻ።

 እሺ ትላለች ብዬ ፈራሁ።

"ዛሬውኑ?" አለች።

አሳዳሪነቱ ለእትዬ ማንጠግቦሽ ተሰጠ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ጎንደር የሚወጣው አውቶቡስ ድረስ ሸኘኋቸው። እትዬ ማንጠግቦሽ ትከሻዬን ይዘው እያገላበጡ ሳሙኝና "ወኪላችን፣ እግዚሐር ያክብርህ፣ ከክፉ ያውጣህ" ብለው መረቁኝ። ትርንጎ ቀሚሳቸውን ጎተተች።

"እቴ፣ ወኪል አይዶለም" አለቻቸው። "ተማሪ ነው።"

ልምምዱን ወደቅሁ። መምህርት ሶስና አልማሩኝም፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሜ ከጓደኞቼ ዘግይቼ ተመረቅሁ። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ ዛሬ ግን አመሰግናቸዋለሁ። አሁን እኔም ለልጆችና ለቤተሰብ የሚቆሙ የሕግ ተማሪዎችን አሠለጥናለሁ። የምንሞላው ቅጽ ላይ እስከ ዛሬ "የልጁ ወኪል ስምና ፊርማ" የሚል መስመር አለ። እፈርማለሁ። ለልጅ ግን ያችን ቃል ተናግሬ አላውቅም። ተማሪዎቼንም ወደ አንድ አገር ስልካቸው፣ ልጅ ከማናገራቸው በፊት ሠራተኛው ከሚውልበት ዳስ ገብተው አንድ ጠዋት እንዲያሳልፉ አደርጋለሁ። አንዳንዶቹ ሥራ ያስፈታናል ብለው ያሙኛል።

ታሪኩን የሰማ ሁሉ "ተስተካከለ አይደል?" ይለኛል። አዎ፣ ተስተካክሏል። ግን እጄን ተጨብጬ ጎበዝ ከተባልኩበት ቀን ወንዙ እስከ ጎደለበት ቀን ድረስ ዘጠኝ ቀን አለ። ያ እጅ የተቃጠለው በነዚያ ዘጠኝ ቀናት ውስጥ ነው። እዚያ ቤት የመለሰቻት ደግሞ "አረጋግጣለች" ብዬ የጻፍኳት፣ ደስ ያለችኝ ቃል ነች።

አውቶቡሱ በር ላይ ይቅርታ አድርጊልኝ ልላት ከአፌ ደርሶ ነበር። እሺ እንዳትለኝ ፈርቼ ተውኩት።